የታችኛዋ ቀዳዳ

ለጌታነህ፤ ለትርንጎ አባት፤ ለእኔው ጌትዬ፤

የመሠረተ ትምህርት አስተማሪያችን ደብዳቤ መጻፍ ሲያለማምደን «እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ ደህና ነኝ» ብላችሁ ጀምሩ ይለን ነበር። ሁለቱንም ልጽፍልህ አልቻልሁም። አንተ እንዴት እንደ ሰነበትህ የማውቅበት መንገድ የለኝም፤ እኔም ደህና አይደለሁም። ስለዚህ ከቀኑ ልጀምር። ከተለየኸን ዓመት ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ሙት ዓመትህን አወጣን። ካህናቱ ጸለዩ፣ ጎረቤት በላ፣ ድንኳኑ ተነቀለ። የሚሰናበተኝ ሰው ሁሉ «በርትተሻል» ይለኝ ነበር። አልበረታሁም፤ ማልቀሱ ደክሞኝ ነው። አብዛኛው እንግዳ ከሄደ በኋላ ያንን የጀልባ ሞተር ዓመት ሙሉ ከተቀመጠበት አውጥቼ ፈታሁት። የምጽፍልህ ስለ እሱ ነው። ግን እዚያ ለመድረስ ድፍረት ያስፈልገኛልና አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ።

ትርንጎ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። አንተ ስትሄድ ወልቀው የነበሩት የፊት ጥርሶቿ በቅለዋል። ትልልቅ ናቸው፣ የአንተን ይመስላሉ፤ ስትስቅ ዓይኔን አዞራለሁ። የምትስቀውም አልፎ አልፎ ነው። እናትህ ከመራዊ መጥተው ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል። ብቻዬን እንዳልሆን ብለው ነው የመጡት፤ አሁን ሁለታችንም በአንድ ቤት ውስጥ ብቻችንን ነን። ዓይናቸው በጣም ደክሟል። ጠዋት ጠዋት ደጁ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ፊታቸውን ወደ ዓባይ ድልድይ አዙረው ይቀመጣሉ። ማንን እንደሚጠብቁ አልጠይቃቸውም። ጣሪያው በበሩ በኩል አሁንም ያፈሳል፤ ቅጥራን እቀባዋለሁ ያልኸው ቦታ ሥር ባልዲ አስቀምጣለሁ። ቤንዚን አሁንም በኩፖን ነው። ፋብሪካው ያው ነው፤ እኔም በዚያው በሽመናው ክፍል ነኝ። ማሽኔ ሲቆም በአንተ ቦታ የገባው መካኒክ ይመጣል። ጥሩ ሰው ነው፣ ሥራውንም ያውቃል። ግን የመሣሪያ ሣጥኑን ከኋላዬ ሲያስቀምጥ ድምፁ የአንተን ሣጥን ይመስላል። ዞር ስል ሌላ ሰው ነው። ይህ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይደርስብኛል።

የተዋወቅነውም በዚያው ማሽን ምክንያት ነበር። ክር እየበጠሰ አላሠራ ሲለኝ ተጠርተህ መጣህ፤ አንዲት ቡሎን አጠበቅህና፣ ማሽኑ ደህና ነው፣ የምትፈሪው አንቺ ነሽ ብለኸኝ ሄድህ። ተናድጄ ሳምንት ሙሉ ሰላም አላልሁህም። በዓመቱ ተጋባን።

ከዚያ ሞተሩ መጣ። በንጉሡ ዘመን የገባ፣ አርጅቷል ተብሎ ከአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ጥግ የተጣለ፣ ሣር የበቀለበት የጀልባ ሞተር። ለምነህ አገኘኸው። በጆንያ ጠቅልለህ ተሸክመኸው ስትገባ በግ ያመጣህ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለት ክረምት ሙሉ የምግብ ጠረጴዛችን የእሱ ሆነ፤ እሱ ጠረጴዛ ላይ፣ እኛ መሬት ላይ። የጎደለውን ብረት ራስህ ሞረድህ፤ በብረቶቹ መካከል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ከወፍራም ካርቶን ቆርጠህ ሠራህ። አንድ እሑድ ጠዋት ግቢው ውስጥ በርሜል ውኃ ሞልተህ፣ ሞተሩን በርሜሉ አፍ ላይ አስረህ ገመዱን ሳብህ። ሲነሣ የጎረቤት ዶሮ ሁሉ አጥር ዘለለ። የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን ይዞ እየሮጠ መጣ። ጊዜው ክፉ ስለነበር እኔ ደንግጬ እጄን ልጄ ላይ ጫንሁ፤ አንተ ግን እንደ እንግዳ ተቀብለኸው ስለ ሞተሩ ታስረዳው ጀመር። በመጨረሻ እሱም ገመዱን ስቦ፣ አስነሥቶ፣ እየሳቀ ሄደ። በዚያ ቀን የሳቅኸውን ሳቅ አስታውሰዋለሁ።

ጀልባውን ከምናለ ጋር ከቆርቆሮ ሠራችሁት። እሱ የእህቴ የዘነቡ ባል ስለሆነ ዘመድነቱ ነበረ፤ ጓደኛሞች ያደረጋችሁ ግን ጀልባው ነው። እኔንም ሞተሩን መያዝ አስተማርኸኝ። ሐይቅ ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ ማወቅ አለበት ትል ነበር። ገመድ መሳብ፣ መሪውን መያዝ፣ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቶ ማድረቅ አሳየኸኝ። አንድ ነገር ብቻ ሳታሳየኝ ቀረህ፤ ስለ እሱ የነገርኸኝ በቃል ነው። ይህ ሞተር ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ የሚጠጣ ነው አልኸኝ፤ የጠጣውን ሁሉ አያቃጥለውም፣ የተረፈው ከሆዱ ሥር ይጠራቀማል። እሱ ወደ ውጭ እንዲፈስ አንዲት የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ ተበጅታለታለች። እሷ ከተደፈነች ሞተሩ በገዛ ቤንዚኑ ይሰምጣል። ሌላ ቀን ፈትቼ አሳይሻለሁ አልህ።

በተለየኸን ዓመት የሞተሩ ዘይት ከገበያ ስለ ጠፋ የጭነት መኪና ዘይት እያቀላቀልን ነበር። ወፍራም ነው፣ ቀዳዳዋን ይደፍናታል ብለህ ትሰጋ ነበር። ከሐይቁ ማዶ፣ እነ ዘነቡ ወዳሉበት ወደ ቁንዝላ ልንሄድ ዋዜማው ዕለት መሣሪያህን ዘርግተህ ልትፈታው ስትል የከለከልሁህ እኔ ነኝ። የዘነቡ ልጅ ክርስትና ደርሷል፣ ዕቃው አልተጫነም፣ ስንመለስ ትጠርጋታለህ አልሁህ። መሣሪያህን አንድ በአንድ እየጠረግህ ወደ ሣጥኑ መለስኸው። አልተከራከርኸኝም። ምነው በተከራከርኸኝ ጌትዬ።

ስንሄድ ሞተሩ አላስቸገረንም። ትርንጎን ጎረቤት ትተናት ስለነበር እኔ ስለ እሷ ሳስብ፣ አንተ ስለ ሞተሩ ስታስብ ቁንዝላ ደረስን። ክርስትናው በደስታ አለፈ፤ አንተም ጨፍረሃል። በማግሥቱ ሆድህን ያዝህ። ምግቡ ነው አልህና ሎሚ ጠጥተህ ተኛህ። በሁለተኛው ቀን የበላኸው ሁሉ በአፍህ ተመለሰ፤ ያኔም ይሻለኛል እያልህ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሆድህ እንደ ከበሮ ተወጠረ። የመንደሩ ጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ መጥቶ ዳሰሰህና እኔን ወደ ውጭ ጠራኝ።

«አንጀቱ የተቋጠረ ይመስለኛል» አለኝ። «እኔ የምሰጠው ነገር የለም። ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል፤ ዛሬውኑ ባሕር ዳር አድርሱት።»

መንገዱን የክረምቱ ጭቃ ቆርጦት ነበር። በታንኳ ሁለት ቀን ይፈጃል። በእኛ ጀልባ ግን ግማሽ ቀን ነው። ማንም ሌላ ነገር አላሰበም።

ገና ጎሕ ሲቀድ ጀልባው ወለል ላይ ጭድ ጎዝጉዘን አስተኛንህ። ዘነቡ ጋቢዋን አለበሰችህ። ምናለ መቅዘፊያውን ይዞ ከፊት ተቀመጠ፤ ስለ ሞተር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። እኔ ከኋላ፣ ከሞተሩ ጋር ነበርሁ። ገመዱን ከመሳቤ በፊት ዓይንህን ገልጠህ አየኸኝና፣ ትችያለሽ አልኸኝ። በሦስተኛው ተነሣ።

ሦስት ሰዓት ያህል ሄድን። ሐይቁ ዝም ብሎ ነበር። አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ድምፁን ታዳምጣለህ፤ ሕመሙ ሲመጣ ጉልበትህን ትሰበስባለህ፤ ሲለቅህ እንደገና ታዳምጣለህ። የድምፁን መለወጥ ከእኔ በፊት የሰማኸው አንተ ነህ። ታንቋል አልህ። እኔ ገና ምንም አልታወቀኝም ነበር። ትንሽ ቆይቶ ጭሱ በዛ፣ ሳለ፣ ሳለና ቆመ። ዘጌ ከፊታችን እንደ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታይ ነበር።

ያስተማርኸኝን አደረግሁ። ካንዴላዎቹን ፈትቼ ሳያቸው በቤንዚን ርሰዋል። በነጠላዬ አደረቅኋቸው፤ መልሼ አስሬያቸው ገመዱን ሳብሁ፤ ተነሣ። እስከ መቶ ብትቆጥር የምትጨርሰውን ያህል ሄደና ቆመ። እንደገና አደረቅሁ። እንደገና ቆመ። አራት ጊዜ እንዲህ አደረግሁ። ምናለ ብቻውን ይቀዝፍ ነበር፤ ጀልባው ለአንድ ሰው ከባድ ነው፣ ነፋሱም ከፊት መጣ። ወደ ኋላ ስመለከት በየመሐሉ የሄድነውን ያህል ነፋሱ መልሶን ነበር።

«ቀዳዳዋ ናት» አልህ። «ክፈቻት።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ከወለሉ ላይ እየነገርኸኝ ሠራሁት። አንድ ቃል ትናገራለህ፣ ሕመሙ ይመጣል፣ ዝም ትላለህ፣ ሲለቅህ ከተውህበት ትቀጥላለህ። በቀኝ ጎኑ ትንሽ ክዳን አለች፣ በሁለት ቡሎን የታሰረች አልህ። አገኘኋት። ካቻቢቴውን ይዤ ጎንበስ አልሁ። ሞተሩ ጀልባው ጀርባ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ስለ ፈታሁት የመጀመሪያዋ ቡሎን ከጣቴ አመለጠችና ሐይቅ ውስጥ ገባች። ድምፅ እንኳ አላሰማችም። አንተ ግን ከዝምታዬ አወቅህ። በአንዷ ይያዛል፣ አይዞሽ አልኸኝ። ሁለተኛዋም እንዳትጠፋ ምናለን ጠርቼ ሞተሩን ከቦታው አነሣነውና ጀልባው ውስጥ፣ መቀመጫው ላይ በጎኑ አስተኛነው። ምናለ ወደ መቅዘፊያው ተመለሰ። እኔ ጀርባዬን ላንተ ሰጥቼ ሞተሩ ላይ ተደፋሁ።

ክዳኗ ስትወጣ ከሥሯ ወንፊት የመሰለች ሽቦ ነበረች፤ ጥቁር ዝቃጭ ሸፍኗታል። አወጣኋት። ከጀርባዋ ሁለት ቀዳዳዎች ነበሩ። ሁለት ናቸው ብዬ ነገርሁህ። የታችኛዋን አልህ። ቀጭን ሽቦ አልነበረንም። የነጠላዬን መርፌ ቁልፍ ፈትቼ በጥርሴ አቀናሁትና የታችኛዋ ውስጥ ከተትሁት። ዘው ብሎ ገባ። ወጣ። ደግሜ ከተትሁት፤ የሚይዘው ነገር የለም። ግራ ገባኝ። ያኛው ጫፍ ድረስ እያሽከረከርሁ ብዙ ቆየሁ፤ ስንት እንደ ቆየሁ አላውቅም፤ ፀሐዩ ትከሻዬን አቃጥሎት ነበር። ክፍት ናት እኮ አልሁህ።

ዝም አልህ። ሕመሙ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እያሰብህ ነው።

«እንዴት አድርገሽ ነው ያስተኛሽው?» አልኸኝ።

በየትኛው ጎኑ እንደ ተኛ፣ ክዳኗ ወዴት እንደ ዞረች ነገርሁህ።

«እንግዲያው የታችኛዋ የላይኛዋ ሆናለች» አልህ። «ሌላዋን ውጊያት።»

ያንን ያህል ጊዜ ያጠፋሁት ባልተደፈነች ቀዳዳ ላይ ነበር። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ከታች የነበረችው፣ ሲተኛ ከላይ ሆናለች። አንተ የነገርኸኝ ስለ ቆመው ሞተር ነው፤ እኔ የሰማሁት ስለ ተኛው ነው። ሌላዋን ስወጋት መርፌው አልገባም አለ። ዝቃጩ ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል። ቤንዚን እያንጠባጠብሁ፣ እየወጋሁ፣ እያሽከረከርሁ ትንሽ ትንሽ ገባልኝ። ያኔ ጠራኸኝ።

ጌትዬ፣ ይህን ልጽፍ ስል እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ አስቀመጥሁት። ጠራኸኝ፤ ሰምቼሃለሁ። አልዞርሁም። መርፌው መግባት ጀምሮ ነበር።

«ቆይ አንዴ» አልሁህ።

ከዚያ ወጋሁ፣ ወጋሁ፣ በድንገት መርፌው እስከ መጨረሻው ሰመጠ። ሳወጣው ጥቁር ዘይት ተከትሎት እጄ ላይ ፈሰሰ። ብዙ ነበር፤ ክንዴ ድረስ ወረደ። ደስ አለኝ። ይህን ከማንም አልደብቅም፣ በዚያች ደቂቃ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ተከፈተች እያልሁ ዞርሁ።

ዓይንህ ክፍት ነበር። ወደ እኔ ጀርባ ታይ ነበር። እጅህ ከጋቢው ወጥታ ወደ እኔ በኩል ተዘርግታ ነበር፤ ሞተሩ የተኛበት መቀመጫ እግር ጋ ደርሳለች። ምናለ ወደ ዘጌ እያየ ይቀዝፋል፤ ጀርባውን ሰጥቶናል። በአንዲት ጠባብ ጀልባ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን፣ አንተ ግን ማንም ሳያይህ ሄድህ።

መጀመሪያ የዳሰስሁህ በዚያ በዘይት እጅ ነው። ጉንጭህ ላይ ጥቁር ጣቶቼ ቀሩ። በነጠላዬ ብጠርገው ይበልጥ ተቀባ።

ምናለ ካለቀሰ በኋላ ተነሣና ሞተሩን አብረን ወደ ቦታው መለስነው። ክዳኗን በአንዷ ቡሎን አሰርሁ። ገመዱን ሳብሁ፤ በመጀመሪያው ተነሣ። ከዚያ ወዲያ አንድም ጊዜ አልሳለም። ከዘጌ እስከ ባሕር ዳር እንደዚያ ሲሄድ አይቼው አላውቅም። ወደ ወደቡ ስንቃረብ ዳር ላይ የነበሩት ዓሣ አጥማጆች ድምፁን ለይተው፣ ጌታነህ መጣ ብለው እጃቸውን አወዛወዙልን። እኔ መሪውን ይዤ ነበር፤ እጄን አላነሣሁም።

ለቅሶው ላይ እናትህ መሬት ላይ ወድቀው እንዴት ሆኖ ሞተ እያሉ ሲጠይቁ፣ ምናለ አቅፎ አነሣቸውና፣ በሚስቱ ክንድ ላይ ነው ያረፈው አላቸው። ለሚያለቅስ ሰው የተባለ ቃል ነው። ሰው ሁሉ ተቀበለው። አስለቃሿ እንኳ ግጥም አድርጋ አወጣችው። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ አይደለም አላልሁም። ዓመት ሙሉ ሰው ሲያጽናናኝ «አንቺስ ታደልሽ፣ በእጅሽ ላይ አረፈ» ይለኛል። እናትህም ያንን ይዘው ነው የኖሩት። ትርንጎም ከእሳቸው ሰምታ፣ አባቴ እናቴ እቅፍ ውስጥ ተኝቶ ነው የሞተው ብላ ለጓደኞቿ ስታወራ ሰማኋት። ሊጤን ማቡካት ቀጠልሁ።

አሁን ወደ ሞተሩ ልምጣ። ምናለ ለሙት ዓመትህ ከቁንዝላ መጣ። ከለቅሶው በኋላ ከሰዎች ጋር ቀዝፎ የወሰደው ጀልባ እዚያ ዳር ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል፣ ያለ ሞተር ለማንም አይረባም። ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት ሁለት ቀን ምጥ ላይ ከቆየች በኋላ በታንኳ ጭነዋት፣ ዘጌ ሳትደርስ ሕፃኑም እሷም አልቀዋል። ይህን እየነገረኝ ዓይኔን አላየኝም። ሞተሩን ስጪኝ አላለም። እኔ ግን ሳይጠይቀኝ፣ አልሰጥም አልሁት። እሱም ቡናውን ጨረሰ።

በማግሥቱ ጠዋት ግን ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ጆንያው ላይ አይጥ ወልዳ ነበር። ጠረጴዛው ላይ በዚያ በድሮው ቦታው አቆምሁት፤ በዚህ ጊዜ አላስተኛሁትም። ሣጥንህን ከፈትሁ። ካቻቢቴው እጀታ ላይ ያንተ የአውራ ጣት ቦታ ተበልቶ ይታያል፤ ጣቴን አስገባሁበት፣ ሰፋኝ። አንዷን ቡሎን ፈትቼ ክዳኗን አነሣሁ። ውስጡ የቀረው ቤንዚን ዓመት ሙሉ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ሆኖ ቀዳዳዋን መልሶ ደፍኗታል። ያ ሁሉ ሆኖ፣ እንደገና ተደፍናለች። ከፋብሪካ ቀጭን ሽቦ ይዤ መጥቼ ነበር። ቤንዚን እያንጠባጠብሁ፣ እያራስሁ፣ እየወጋሁ እስከ እኩለ ቀን ቆየሁ። የሚያጣድፈኝ ሰው አልነበረም። መጨረሻ ላይ ተከፈተች፤ አፌን ገጥሜ ነፋሁባት፣ በወዲያኛው በኩል ነፋሱ ወጣ። የቤንዚኑ ምሬት እስካሁን ከምላሴ አልለቀቀም።

እናትህ ከደጅ ገብተው አጠገቤ ቆመው ነበር። ምን እያደረግሁ እንደ ሆነ ጠየቁኝ። ያን ዕለት ያቆመን የዚህች መደፈን ነው አልኋቸው። እስቲ አሉኝ፤ አያዩምና ጣታቸውን ይዤ ቀዳዳዋ ላይ አስቀመጥሁት። ወዲያ ወዲህ ዳሰሱ።

«የታለች?» አሉ።

እዚህ ናት ብዬ ጣታቸውን እንደገና አስቀመጥሁት። አላገኟትም። ጣታቸው ሥር ነበረች፣ ግን ለጣት አትታወቅም፤ ያን ያህል ትንሽ ናት። ብረቱን ሲዳስሱ ቆዩና እጃቸውን መለሱ። ያኔ ነው የነገርኋቸው። በክንዴ ላይ አላረፈም እማማ፣ ጠርቶኝ ቆይ ብዬዋለሁ አልኋቸው። ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ ፀሐያቸው ተመለሱ።

ሞተሩን ግቢው ውስጥ በርሜሉ ላይ አስሬ ሞከርሁት። ተነሣ። ያው ያንተ እሑድ ጠዋት ድምፅ ነው። ትርንጎ ከጓሮ እየሮጠች መጣች። ፊቷ ላይ አየሁት፤ የጠበቀችው እኔን አልነበረም። በርሜሉ አጠገብ እኔን ብቻ ስታይ ቆመች፤ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች። ወዲያውኑ አጠፋሁት።

ለምናለ ሰጠሁት። ለጽድቅ ብዬ አይደለም ጌትዬ፣ ጥሩ ሰው ሆኜም አይደለም። ቤት ውስጥ ላቆየው አልቻልሁም፤ ልጥለውም አልቻልሁም። ክዳኗን ከፍቼ ቀዳዳዎቹን አሳየሁት። ቢተኛም ቢቆምም እንዳይሳሳት ከምትደፈነዋ ቀዳዳ አጠገብ ብረቱን በምስማር ጫርሁለት፤ ሽቦውንም ከክዳኗ ጋር አሰርሁለት። በጠፋችው ቡሎን ቦታ ሌላ ገባላት። ምናለ ሞተሩን ትከሻው ላይ አድርጎ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ያን ዕለት ሰምቼዋለሁ» አለኝ። «አንቺ ቆይ ስትይው፣ ተዋት ትሥራ ብሎኛል።»

አመንሁት ብልህ ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ነፋሱ ከፊት ይነፍስ ነበር፤ እሱም ጀርባውን ሰጥቶ ይቀዝፍ ነበር፤ ዓመት ሙሉም አልነገረኝም። «በሚስቱ ክንድ ላይ አረፈ» ያለውም እሱ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው፣ ደግ ሰው ለማጽናናት የሚለውን እንዴት ልመን? በደህና ግባ አልሁት፤ ሄደ። እሱ ከሄደ በኋላ ቤቱ ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለኝም። ከአልጋው ሥር ያለው ባዶ ቦታ ይታየኛል።

እናትህ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገሩኝም። እሳት ሳቀርብላቸው ይሞቃሉ፣ እንጀራ ሳቀርብ ትንሽ ይቆርሳሉ፣ ከዚያ ፊታቸውን ያዞራሉ። ትናንት ከሥራ ስመለስ ግን ደጁ ላይ ሆነው በእግሬ ኮቴ አወቁኝና ነይ ተቀመጪ አሉኝ። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ይራገሙኛል ብዬ ነበር፤ ቢራገሙኝም ይሻለኝ ነበር።

«ሲጠራሽ በምን ድምፅ ነበር?» አሉኝ።

ልመልስላቸው አፌን ከፈትሁ። የሺዬ ብለህ እንደ ሆነ፣ የሺ ብለህ እንደ ሆነ፣ ወይስ እንደ ተቆጣህ ጊዜ የሺወርቅ ብለህ እንደ ሆነ አላውቅም። እያቃሰትህ ይሁን፣ ቀስ ብለህ ይሁን፣ ፈርተህ ይሁን አላውቅም። እንደ ጠራኸኝ አውቃለሁ። ድምፅህን ግን አልሰማሁትም፤ እየሰማሁ የነበርሁት መርፌውን ነው። የመርፌውን ድምፅ አሁንም ልነግርህ እችላለሁ፤ ብረትን እንዴት እንደሚፍቅ፣ ዝቃጩ ሲለቅ ምን እንደሚል። እናትህ ጠበቁኝ። ብዙ ጠበቁኝ። ከዚያ እጃቸውን ራሴ ላይ አስቀመጡና ሁለታችንም እስኪመሽ አለቀስን።

ጌትዬ፣ አረሳህም ብዬ መጻፍ ይቀለኛል፤ ሁሉም እንደዚያ ይጽፋል። እኔ ግን ከሚታወሰው ሁሉ የሚበልጠውን አጥቼዋለሁና የቀረኝን ብቻ ነው ቃል የምገባልህ። ትርንጎ አድጋ የጠየቀችኝ ቀን እንደ ተባለው ሳይሆን እንደ ሆነው እነግራታለሁ፤ አባትሽ ጠራኝ፣ እኔም ቆይ አልሁት ብዬ። እስከዚያ ድረስ፣ በሥራ ላይም ሆኜ፣ ማሽኑ በሚጮኽበት መሐል፣ ሦስቱንም ስሞች በአንተ አፍ አንድ በአንድ እየሞከርሁ እኖራለሁ። የትኛው እንደ ነበር ምናልባት አንድ ቀን ይመጣልኝ እንደ ሆነ።

ያልዞረችልህ፣
የሺወርቅ